የታላቋ ውጤት፣ የታናሿ ምርጫ፦ ከጅማ የአንዲት ተማሪ የሙያ ምክር ጉዳይ

ይህ ጥናት በጅማ ከተማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ መንፈቀ ዓመት ወደ ምክር አገልግሎት ክፍላችን የመጣች የአንዲት ተማሪ ጉዳይ ነው። ተማሪዋና ወላጆቿ እንዲጻፍ ፈቅደዋል። የእነርሱንም የትምህርት ቤቱንም ስም አልጠቅስም። የምጽፈው በየትምህርት ቤቱ የምክር አገልግሎት ለሚሰጡ ባልደረቦቼና የ10ኛ ክፍል ልጅ ላላቸው ወላጆች ነው። ልጆቻችን ሙያ ሲመርጡ ብዙ ጊዜ የሚያሳስታቸው ፍላጎት ማጣት አይደለም፤ ፍላጎታቸው በፍርሃት ተሸፍኖባቸው ነው። ፍርሃቱ ሳይነሳ የሚሰጥ ምክር ደግሞ ጆሮ አያገኝም።

ጉዳዩ እንዴት መጣ

የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ 11ኛ ሲያልፉ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን ይመርጣሉ። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከቀረ ወዲህ የምርጫ ቅጹ ያለ ብዙ ወግ ይታደላል፣ ያለ ብዙ ወግ ተሞልቶ ይመለሳል። አንድ የኬሚስትሪ መምህር የክፍሉን ቅጾች ሲሰበስብ የአንዲቷ አስገረመው። በባዮሎጂና በኬሚስትሪ ከክፍሉ የመጀመሪያዎቹ ውስጥ የምትሰለፍ ልጅ ማኅበራዊ ሳይንስ ብላ ሞልታለች። ጓደኞቿ ጎትተዋት መስሎት ወደ እኔ ላካት።

ለምን እንደመረጠችው ስጠይቃት፣ «ማኅበራዊ ይቀላል፣ መምህር» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ምን መሥራት ትፈልጊያለሽ አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «እንጃ። ብቻ ቤት እንዳልቀር» አለች።

የመጀመሪያውን መልስ ከብዙ ተማሪ እሰማዋለሁ። የሁለተኛውን ምንጭ ለማግኘት ግን ስለ ቤቷ መጠየቅ ነበረብኝ።

ታላቅ እህቷ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈታኝ ነበረች። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ የተሰጠበትና ውጤቱ አገሩን ያስደነገጠበት ዓመት መሆኑን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶው 3.3 ማለት ነው። እህቷ አላለፈችም፤ ውጤታቸው ጥቂት ለጎደለ ተማሪዎች በ2015 ዓ.ም. ለተጀመረው የአቅም ማሻሻያ ትምህርትም ውጤቷ አልበቃም። ውጤቱ የተገለጸው በጥር 2015 ሲሆን ታናሿ የምርጫ ቅጹን የሞላችው ጥቂት ቆይቶ ነው። እናታቸው ጎረቤት ስለ ትልቋ ሲጠይቃት «ቤት ቁጭ ብላለች» እያለች ትመልስ ነበር። ታናሿ ይህን በየቀኑ ትሰማለች። የ16 ዓመት ልጅ ስለ ወደፊቷ የምታውቀው ሁሉ በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅልሎ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሙያ መጠቆም ሊሆን አልቻለም። መጀመሪያ «ይቀላል» የሚለው እምነቷ መታየት ነበረበት። በዚያው በ2014ቱ ፈተና ከተፈጥሮ ሳይንስ 339,642 ተፈታኞች 22,936ቱ ሲያልፉ ከማኅበራዊ ሳይንስ 556,878 ተፈታኞች ያለፉት 6,973 ነበሩ። የመጀመሪያው 6.8 በመቶ፣ ሁለተኛው 1.3 በመቶ ነው። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጽፌ ስሰጣት ዝም ብላ አየቻቸው፤ ከዚያም፣ «እህቴም ማኅበራዊ ነበረች» አለች።

እዚህ ላይ ባልደረቦቼን አንድ ነገር ማሳሰብ እፈልጋለሁ። እነዚህ ቁጥሮች ማኅበራዊ ሳይንስ ከባድ ነው ለማለት አይበቁም። በውጤታቸው የሚተማመኑ ተማሪዎች ቀድሞውንም ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ስለሚያደሉ ልዩነቱ ከትምህርቱ ይልቅ ወደ መስኩ ከሚገቡት ተማሪዎች ሊመጣ ይችላል። ይህንንም ነግሬያታለሁ። ቁጥሩ የሚጠቅመው «በዚያኛው በር ብገባ እተርፋለሁ» የሚለውን ሐሳብ ለማፍረስ ብቻ ነው። ለዚህም ቢሆን ከቁጥሩ የሚበልጥ ማስረጃ ነበረኝ፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና የአጠቃላይ ችሎታ ፈተና በሁለቱም መስክ አሉ። ከሒሳብ ሸሽቶ ወደ ማኅበራዊ የሚሄድ ተማሪ እዚያም ሒሳብን ያገኘዋል።

የእርሷ ፍርሃት ግን ከሒሳብ ይልቅ ፊዚክስ ላይ ነበር። የ9ኛ እና የ10ኛ ክፍል ውጤቶቿን አንድ ላይ ስናይ የወደቀችባቸው የፊዚክስ ምዕራፎች አቅጣጫ ያላቸው መጠኖችና እንቅስቃሴ ላይ ያሉት ነበሩ፤ በሌሎቹ ደህና ነበረች። የፊዚክስ መምህሯ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር እነዚያን ምዕራፎች ደግሞ አስተማራት። ስለዚህ ክፍል ብዙ የምለው የለኝም፤ ተራ የማጠናከሪያ ትምህርት ነው፣ ሠርቷል።

ያላዩትን ሥራ እንዴት ይወዱታል

ቀጣዩ ጥያቄ ምን መሥራት ትፈልጋለች የሚለው ነው። በሙያ ምክር ትምህርት ስንሠለጥን ሁላችንም የጆን ሆላንድን ስድስት የዝንባሌ ዓይነቶች ተምረናል፦ በእጅ የሚሠራ፣ የሚመረምር፣ የሚፈጥር፣ ሰው የሚረዳ፣ የሚያስተባብርና የሚነግድ፣ ሥርዓትና መዝገብ የሚይዝ። በዚህ ላይ የተመሠረቱ መጠይቆች ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው። ሆኖም መጠይቁ «ይህን ሥራ ትወዳለህን?» ብሎ ሲጠይቅ ልጁ ሥራውን ያውቀዋል ብሎ ገምቶ ነው። ልጅቷን የምታውቃቸውን ሙያዎች በሙሉ እንድትጽፍ ጠየቅኳት። ሐኪም፣ ነርስ፣ መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ ፖሊስ፣ ሹፌር። ከዚያ በታች ወረቀቱ ባዶ ነበር። ይህ የእርሷ ድክመት አይደለም። ልጅ የሚያውቀው በመንገድ ላይ የሚያየውን ሥራ ነው፤ ከግድግዳ ጀርባ የሚሠራውን ካላሳዩት አያውቀውም። ሊንዳ ጎትፍሬድሰን የተባለችው ተመራማሪ በ1981 እ.ኤ.አ. ባቀረበችው ንድፈ ሐሳብ፣ ልጆች ገና በልጅነታቸው ሙያዎችን በጾታና በክብር እየለዩ ከአእምሯቸው እንደሚያወጡና ምርጫው ሳይጀመር እንደሚጠብ አስረድታለች። የልጅቷን ወረቀት ሳይ የታወሰችኝ እርሷ ናት።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው፤ መጀመሪያ ማየት፣ መጠይቁ በኋላ። ጅማ ደግሞ ለዚህ የታደለች ከተማ ናት። በ1952 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የእርሻ ኮሌጅና በኋላ የመጣው የጤና ሳይንስ ተቋም በ1999 እ.ኤ.አ. ተዋህደው የሆነው ጅማ ዩኒቨርሲቲ በመካከላችን ነው። ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ ልኮ ማስተማር ከጥንት የያዘው ልማዱ ስለሆነ፣ በየቀበሌው ቤት ለቤት መረጃ ሲሰበስቡ እናያቸዋለን። የእኛን ልጆች ከእነዚህ ወጣቶች ጋር ማገናኘት ገንዘብ አይጠይቅም። ዕድሜያቸው ስለሚቀራረብ ለእኔ የማይነግሩኝን ለእነርሱ ይነግሯቸዋል፤ መልሱም ያለ ጌጥ ይመጣል። ልጅቷ አንዲት የሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪ፣ «ምን ያህል ሰዓት ቆማችሁ ትሠራላችሁ? ደም ማየት አያስጠላም?» ስትላት ሰምቻለሁ። እኔን እንዲህ ብላ አትጠይቀኝም።

ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ወደ ሆስፒታል ስንሄድ ሐኪም ለማየት አልሄድንም። አንድ የደም ናሙና ከታማሚው ክንድ ተነስቶ ውጤት ሆኖ እስኪመለስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ለማየት ነው። ናሙና የሚወስደው፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው፣ መሣሪያው ሲቆም የሚጠግነው የባዮሜዲካል መሐንዲስ፣ መድኃኒቱን የሚያዘጋጀው ፋርማሲስት፣ መረጃውን ኮምፒውተር ላይ የሚይዘው። ከሰባቱ የወረቀቷ ሙያዎች ጎን በዚያ ቀን ብዙ ተጨመረ።

ጉዳዩን የቀየረው ግን ሌላ ጉብኝት ነው። የልጅቷ አባት አነስተኛ የቡና አቅራቢ ነው። ከገበሬ ጀንፈል (ከነገለፈቱ ያለ ቡና) ይገዛል፣ ያስፈለፍላል፣ ያስለቅማል፣ ይሸጣል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ጭነቱ በደረጃ ወድቆበት ቤተሰቡ በፈረሱላ ብዙ ብር ከስሯል፤ በቤት ውስጥ የሚነገረው ምክንያት ቡናውን ቀምሶ ደረጃ የሰጠው የቀማሹ ክፋት ነበር። እኛ በአንድ ቡና ላኪ የቅምሻ ክፍል ስንጎበኝ ቀማሿ ወጣት ሴት ነበረች። ይህ ራሱ ልጆቹን አስደነቀ። ያልታጠበ ቡና ከመቶው 40 ነጥብ በጥሬው፣ 60 ነጥብ በቅምሻ እንደሚመዘን አስረዳቻቸው። ጥሬው ላይ ጉድለት ያለበትን ፍሬ ለይተው እንዲቆጥሩ አደረገቻቸው። ከዚያ የተቆላውንና የተፈጨውን ናሙና በፈላ ውሃ አዘጋጅታ በማንኪያ አስቀመሰቻቸው። ሁለተኛው ስኒ አፈር አፈር ይል ነበር። ልጅቷ ምክንያቱን ጠየቀች። መሬት ላይ የተሰጣ ቡና ዝናብ ሲያገኘው፣ ወይም በደንብ ሳይደርቅ ሲከማች ሻጋታ ይይዘዋል፤ ጣዕሙን የሚያበላሸው እርሱ ነው አለቻት። ለዚህ ነው ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ ርጥበቱ 12 በመቶ ገደማ እስኪደርስ መድረቅ ያለበት።

ልጅቷ ማታ ቤት ገብታ አባቷን ያን ጭነት የት እንዳሰጣው ጠየቀችው። መልሱን በማግሥቱ በሩጫ መጥታ ነገረችኝ፤ ግቢው ውስጥ፣ መሬት ላይ፣ ሸራ እንኳ ሳይነጠፍ ነበር። ባዮሎጂ መጽሐፍ ላይ ስለ ፈንገስ ያነበበችው የአባቷን ኪስ እንደነካ ያን ቀን ገባት። ከዚያ በኋላ ስለ መስክ ምርጫ እኔ መጎትጎት አላስፈለገኝም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኘው የመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከልም ልጆቹን ወስደናል። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡናን ፍሬ የሚያበሰብስ በሽታ በአገራችን ሲታይ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ከጫካ መርጠው አባዙ። ገበሬው ዛሬም 74110 እና 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ዝርያዎች በ1974 እ.ኤ.አ. የተመረጡ ናቸው። ልጅቷ ቁጥሩን ከአጎቷ አፍ ስትሰማ ያደገች ሲሆን የዓመት ምልክት መሆኑን አታውቅም ነበር። መጠይቁን ከዚህ ሁሉ በኋላ ሞላችው። ከሁሉ ከፍ ያለው የመመርመር ዝንባሌዋ ሆነ፤ ሁለተኛው ማስተባበርና መነገድ። ሁለተኛውን ማንም አልጠበቀውም፤ እርሷም ጭምር።

ከወላጆች ጋር

ወላጆቿን ትምህርት ቤት ከመጥራት እኔ ወደ ቤታቸው መሄድን መረጥኩ። በትምህርት ቤት ግቢ ወላጅ ሁሉ እንደ ተከሳሽ ይቀመጣል። በቤቱ ግን የልቡን ይናገራል።

አባትየው ያሉኝ ግልጽ ነው። «መምህር፣ ሐኪም የምትሆን ከሆነ ሸጬም ቢሆን አስተምራታለሁ። ሐኪም ካልሆነች ግን ሳይንሱ ለምኗ ነው? የእርሻ ትምህርት ተምራ ገጠር ለገጠር ልትዞር?»

ይህን ንግግር እንደ ኋላ ቀርነት የሚቆጥሩ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ አልስማማም። አባት የሚያየው ያሉትን ስጋቶች ነው፦ ገንዘቡ፣ ዓመታቱ፣ ሴት ልጁ በማታውቀው ቀበሌ ብቻዋን ማደሯ። ለእያንዳንዱ ስጋት የየራሱ መልስ ያስፈልጋል። «ጋሼ፣ ሐኪም መሆን ከስድስት ዓመት በላይ ይፈጃል፤ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም ተመራቂ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ያን አልፈው ምደባ የሚጠብቁ ወጣት ሐኪሞችም አሉ። ሌሎቹንም መንገዶች አብረን እንያቸው» አልኳቸው። የቅምሻ ክፍሉን፣ የጥራት ቁጥጥርን፣ የላቦራቶሪን ሥራ ነገርኳቸው። አንድ ጭነት ከደረጃ ወድቆ የከሰሩትን እያነሳሁ ስለነበር ንግድ የሚያውቅ ሰው እንደሚሰማ ሰሙኝ።

በንግግራችን መካከል አባትየው የአንድ ገበሬ ሒሳብ ጠፋባቸውና ትልቋን ልጃቸውን ጠሩ። ወፍራም ደብተር ይዛ መጣች። በውስጡ የገበሬው ስም፣ የተረከቡት ፈረሱላ፣ የተከፈለው ቀብድ፣ የቀረው ዕዳ፣ ቀን በቀን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተመዝግቧል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ ሁሉንም ወደ ኪሎ የመለሰችበት ዓምድ ለብቻው ነበረው። ከጥር ወዲህ የቤቱን ንግድ ሒሳብ የምትይዘው እርሷ ነበረች። «ቤት ቁጭ ብላለች» የተባለላት ልጅ ማለት ነው።

ለእናቲቱ ይህን ደብተር የሚይዝ ሰው ከውጭ ቢቀጥሩ ደሞዝ መክፈል እንዳለባቸው ነገርኳቸው። ለትልቋም በፖሊቴክኒክ ኮሌጅ የሒሳብ አያያዝ ሥልጠና እንዳለ፣ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያላለፉ ተማሪዎች በየደረጃው ገብተው የብቃት ምዘና ሲያልፉ የሙያ ማረጋገጫ እንደሚያገኙ አስረዳሁ። እስከዚያ ቀን ማንም አልነገራትም። ውጤቱ ሲወጣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የሸኛት ሰው አልነበረም፤ ስሟ ከዝርዝሩ ወጣ፣ በቃ። በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ያ ዓመት ከ860,000 በላይ ወጣቶችን በአንድ ቀን «አላለፋችሁም» ሲል ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄዱ ቁጭ ብሎ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልግ ነበር። ዛሬም ያስፈልጋል።

እቅዱ

እቅዱን ልጅቷ ራሷ በአንድ ገጽ ጻፈችው፤ ሦስት መንገዶች ነበሩበት። በመጀመሪያው በተፈጥሮ ሳይንስ 50 በመቶ አልፋ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፤ ምርጫዎቿ የሕክምና ላቦራቶሪና የድኅረ ምርት አያያዝ፣ ውጤቱ ከበቃ ደግሞ ሕክምና። ሁለተኛው ውጤቱ ጥቂት ቢጎድል በአቅም ማሻሻያ ትምህርት የሚያልፍ ነው። ሦስተኛው በፖሊቴክኒክ ወይም በግል ኮሌጅ ከቡና ጥራት ወይም ከላቦራቶሪ ጋር የተያያዘ ሥልጠና ወስዶ በቅምሻ ክፍል እንደ ጀማሪ መግባት ነው። ከእያንዳንዱ መንገድ ጎን ማንን እንደምትጠይቅ፣ መቼ እንደምትጠይቅና ቤተሰቡ ምን ያህል ማውጣት እንደሚችል ተጽፏል። አባትየው ሦስተኛውን መንገድ አንብበው፣ «ይሄ ከዚህ በታች የለም ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። የለም አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ፊታቸው ተፈታ።

አንዳንድ መምህራን ሁለተኛና ሦስተኛ መንገድ መጻፍ ልጅን ያዘናጋል ይላሉ። በዚህች ልጅ ያየሁት የዚህን ተቃራኒ ነው። ብትወድቅ የት እንደምታርፍ ስላወቀች ፊዚክስን ሳትሸሽ ተቀመጠችበት። በየመንፈቀ ዓመቱ ገጹን እየከፈትን የተለወጠውን እናስተካክል ነበር፤ 11ኛ ክፍል ላይ ሕክምናን ራሷ ሰረዘችው። ሆስፒታል ውስጥ መሥራት ትወዳለች፣ በታማሚ ፊት መወሰን ግን አትፈልግም። ይህን ለመለየት ጊዜ ፈጅቶባታል።

የዚህ ሥራ ደካማ ጎን በትምህርት ቤታችን ያለው አሠራር ነው። ጉብኝቶቹ የተገኙት በመተዋወቅና በደብዳቤ ልመና ነው፤ የሚያውቁን ሰዎች ቦታ ሲቀይሩ በሩ ይዘጋል። ብዙ መቶ ልጆች ባሉበት ግቢ ለእያንዳንዱ እንዲህ መሄድ አይቻልም። ስለዚህ አሁን ሦስት ነገሮችን ለሁሉም እናደርጋለን፦ የምርጫ ቅጹ ከመታደሉ በፊት የሁለቱን መስክ የፈተና ዓይነቶች እናስረዳለን፣ ልጆቹ የወላጆቻቸው ሥራ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ተከትለው እንዲጽፉ እናደርጋለን፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሳምንት ያላለፉትን ከእነወላጆቻቸው ጠርተን ቀጣዩን በር እናሳያለን። የመጨረሻው በጣም ቀላሉ ሲሆን በብዙ ቦታ የሚዘነጋው እርሱ ነው።

የደረሱበት

ትልቋ በፖሊቴክኒክ ኮሌጅ የሒሳብ አያያዝ ሠልጥና የብቃት ምዘናውን አልፋለች። ዛሬ በአንድ የሸቀጣ ሸቀጥ አከፋፋይ ዘንድ ሒሳብ ትይዛለች፤ የአባቷን ደብተርም አልተወችም። ታናሿ በ2017 ዓ.ም. ተፈተነች። በአገር ደረጃ 8.4 በመቶ ተፈታኞች ባለፉበት በዚያ ዓመት ካለፉት መካከል ሆና ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመደበች። አባትየውም ካለፈው መኸር ጀምሮ ጀንፈሉን በአልጋ ላይ ያሰጣሉ።

አሁን የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ላይ ናት። የትምህርት ክፍል ምደባው በውጤትና በምርጫ ስለሆነ ቅጽ የምትሞላበት ጊዜ እየቀረበ ነው። የድኅረ ምርት አያያዝን አንደኛ፣ የሕክምና ላቦራቶሪን ሁለተኛ ልታደርግ አስባለች። አባትየው ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ይላሉ፤ እናትየው ከልጅቷ ጋር ናቸው። ከመሙላቷ በፊት በሁለቱም ክፍሎች ካሉ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ጋር እንድትነጋገርና የተመራቂዎቹ ሥራ የት እንደሆነ ጠይቃ እንድትጽፍ ነግሬያታለሁ። መልሱን ይዛ ስትመጣ ከአባቷ ጋር አንድ ላይ እንቀመጣለን።